የታሰረው ውሻና የተቀመጠው ሠራተኛ

የሰው አካል ለእንቅስቃሴ የተፈጠረ መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ያለው ገበሬ ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድና ሲወቃ የሚውል ስለሆነ ሰውነቱን ለማፍታታት ብሎ የሚለየው ሰዓት አያስፈልገውም። እረኛውም ልጅ ከብቱን ከፊት፣ ውሻውን ከጎን አድርጎ ጋራውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ዛሬ በደብረ ማርቆስ፣ እንዲሁም በአካባቢዋ ባሉት በአማኑኤል፣ በሉማሜና በደምበጫ በጽሕፈት ሥራ የምናያቸው ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ብዙዎቹ የዚሁ ገበሬ ልጆች፣ ራሳቸውም ትናንት እረኞች የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ብዕርና ኮምፒዩተር ከያዙ ወዲህ እግራቸው ሥራ ፈትቷል። ውሻውም እንደዚሁ ነው፤ በገጠር ከእረኛው ጋር ይሮጥ የነበረው፣ ከተማ ከገባ በኋላ ቀን ቀን በአጥር ጥግ ታስሮ የሚውል ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራው ሰውና ደጁ ላይ ታስሮ የሚውለው ውሻ ሕመማቸው አንድ ስለሆነ መድኃኒታቸውም አንድ መሆኑን ነው።

ሥራ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የገባበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሦስት ቀን ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በዚያው ወር አጋማሽ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደረገ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። በሽታው ካለፈ በኋላ ሠራተኛው ወደ ቢሮው፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ቢመለስም፣ ሥራው ግን ሰውን ተከትሎ ወደ ቤት መግባቱን አልተወም። ሪፖርት የሚጽፈው፣ ሒሳብ የሚዘጋው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠናው፣ በኢንተርኔት የሚማረው ሁሉ ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እንኳ ወጣቱ ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት የሚከታተለው ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ወዲህ በደረሰው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ብዙ ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ቤቱ ውሏል።

ቤት ተቀምጦ መሥራት ጥቅም የለውም አልልም። ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል፤ ሰው ከልጆቹ አይለይም፤ ጸጥታ ያለው ቤት ከሆነ ሥራው ይቃናል። ነገር ግን የጠፋብንን ነገር ቆጥረን ያወቅነው አይመስለኝም። እስቲ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ 20 ደቂቃ በእግሩ ይሄድ ነበር እንበል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ጧት 20፣ ማታ 20፣ በቀን 40 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት አምስት የሥራ ቀን ቢሄድ 200 ደቂቃ ተራመደ ማለት ነው። ይህ ሰው ስፖርት ሠራሁ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ባጃጅ በማጣቱ ያማርር ይሆናል። ሥራው ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን እነዚያ 200 ደቂቃዎች ማንም ልብ ሳይላቸው ጠፉ። አሁን ከመኝታው ተነሥቶ ጠረጴዛው ዘንድ ለመድረስ የሚራመደው ከዐሥር እርምጃ አይበልጥም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ያሳስባል። መካከለኛ የሚባለው ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ፣ ነገር ግን ከሰው ጋር መነጋገርን የማይከለክል እንደ ፈጣን እርምጃ ያለው ነው። እንግዲህ ያ ባጃጅ ያጣው ሠራተኛ ሳያውቀው ሐኪሞች ያዘዙትን ይፈጽም ነበር ማለት ነው። ይኸው ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2022 ከዓለም አዋቂ ሕዝብ 31 በመቶው የታዘዘውን ያህል አይንቀሳቀስም ነበር።

መቀመጥ ብቻውን ሰውን ይጎዳልን? የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ በለንደን ከተማ የተደረገውን አንድ ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ጄረሚ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር የከተማውን አውቶቡስ ሠራተኞች መረመረና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር፤ ሾፌሩ ግን መሪውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ በልብ በሽታ የሚያዙት ትኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱን ያመጣው ደረጃው እንደሆነ ሞሪስ ገመተ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ተመራማሪዎችም አሳቡን አጠናከሩለት። ቤቱ የሚሠራ ሰው እንግዲህ ከሾፌሩም የባሰ ነው፤ ሾፌሩ ቢያንስ ወደ አውቶቡሱ ለመድረስ ከቤቱ ይወጣልና።

ይህን ሁሉ የተማረ ሰው አያውቀውም ማለት አይቻልም። ችግሩ ዕውቀት ሳይሆን ልማድ ነው። ወጣቱ ሰኞ ማለዳ ለመሮጥ ይወስናል፤ ማክሰኞ ይበርደዋል፤ ረቡዕ ሥራ ይበዛበታል፤ ሐሙስ ውሳኔውን ይረሳዋል። የደብረ ማርቆስ ጧት እንዴት ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ከጋቢ ውስጥ አያስወጣም። ለራሱ የገባውን ቃል ማፍረስ ደግሞ ለሰው ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው የለምና። በዚህ ጊዜ ጠያቂ ያስፈልገዋል። ያ ጠያቂ ደግሞ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ጅራቱን እየቆላ በር በሩን የሚያይ ውሻ ነው።

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ሆኖታል ይባላል። በዚህ ረጅም ዘመን የጌታውን ሰዓት ማወቅ ተምሯል። ሦስት ወይም አራት ቀን በአንድ ሰዓት ይዞት የወጣ ሰው በአምስተኛው ቀን ቢተኛ፣ ውሻው በር ላይ ቆሞ ያላዝንበታል። ብርዱን ምክንያት አድርጎ ውሻን ማታለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል አካባቢ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በቁጥር ገልጦታል፤ ውሻ ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ በሳምንት 150 ደቂቃ የመንቀሳቀስን መመሪያ የመፈጸም ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ጥቅሙ የሚገኘው ውሻ በማሳደር ሳይሆን ውሻን ይዞ በመሄድ መሆኑን ነው። እኛ ውሻ በማሳደር ከእንግሊዞች አናንስ ይሆናል፤ ይዞ በመሄድ ግን ገና አልጀመርንም።

በእኛ ዘንድ የከተማ ውሻ ኑሮው የታወቀ ነው። ሲነጋ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሲመሽ ሌባና ጅብ እንዲጠብቅ ይፈታል። ከገበታ የተረፈው ይጣልለታል፤ የሚያወራው ሰው የለም፤ ከእንግዳ ጋር የሚተዋወቀውም በመጮህ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት የተወሰነ ውሻ ቁጡ ይሆናል፤ አንድ ቀን ቢያመልጥ የጎረቤት ልጅ ይነክሳል። እኛም የእንስሳውን ጠባይ እንኮንናለን እንጂ ያንን ጠባይ ያመጣውን እስራት አንመረምርም። በዚህ በኩል ጌታውም ከውሻው ብዙ የተለየ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ የዋለ ሰው ማታ ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ወገቡንና አንገቱን ያመዋል፤ ቤተሰቡንም ያስከፋል።

መቼም አዲስ ነገር ሲመከር ተቃዋሚ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሊቀርቡ የሚችሉትን መቃወሚያዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው እፍረት ነው። የተማረ ልጅ ውሻ አስከትሎ በአደባባይ ሲሄድ ቢታይ፣ እናቱ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ውሻ ለመጎተት ነው?» ብትለው አያስገርምም። ጓደኞቹም ፈረንጅ ሆነ ብለው ይሥቁበታል። ነገር ግን ይህ እፍረት መሠረት ያለው አይደለም። ከውሻ ጋር መሄድ ከፈረንጅ የመጣ ቢሆን ኖሮ የጎጃም እረኛ ሁሉ ፈረንጅ በሆነ ነበር። አያቶቻችን ዱላቸውን በትከሻቸው፣ ውሻቸውን በኋላቸው አድርገው ገበያ ይወርዱ እንደነበር ራሷ እናትየው ታውቀዋለች። ስለዚህ ልጁ «እማዬ፣ የአባባን ነገር ነው የያዝሁት» ቢላት መልስ ይሆነዋል።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ከሰው ጋር የለመደ ውሻ ቤት አይጠብቅም የሚለው ነው። ይህም ቢሆን እውነት አይደለም። ከቤት የሚወጣ ውሻ የመንደሩን ሰው፣ የጎረቤቱን ልጅ፣ የወተት አቅራቢዋን ለይቶ ስለሚያውቅ በሁሉ ላይ አይጮህም፤ ሲጮህም ባለቤቱ ምክንያት እንዳለው ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ በነፋስም በጥላም የሚጮህ ውሻ ግን ሰሚ ስለሚያጣ፣ ሌባ በመጣ ጊዜ ጩኸቱ ከንቱ ነው። ከብት ያለ ሥራ እንደሚበላሽ ደግሞ ከአዊ ፈረሰኞች መማር ይቻላል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚደረገው በዓል የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሲጋልቡ ያየ ሁሉ ይደነቃል። እነዚያን ፈረሶች ዓመቱን ሙሉ ጋጣ ዘግተውባቸው ለዚያ ቀን ብቻ ቢያወጧቸው ኖሮ ግን ፈረሱም ፈረሰኛውም በመጀመሪያው ዙር በወደቁ ነበር። የሰውም ሰውነት እንደዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ የሆነ ቀን መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በወር አንድ ቀን አደባባይ መውጣት የዕለት ተዕለቱን እርምጃ አይተካም።

ሦስተኛው መቃወሚያ በሽታ ነው፤ ይህ ግን እንደ ሁለቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል በሽታ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ወደ 59,000 ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ያለ ሰው ነው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መቶ ጊዜያት በ99ኙ አስተላላፊው ውሻ ነው። ከሚነከሱትም መካከል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ውሻውን ሳያስከትብ ይዞ የሚወጣ ሰው ለራሱ ጤና ሲል የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ሰው በቤቱ ተቀምጦ ቢውል ይሻለው ነበር እለዋለሁ።

ነገር ግን መከላከያው የታወቀ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ ለተነከሰው ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ለጆሴፍ ሜስተር ክትባቱን ከሰጠው ወዲህ፣ ሰው በዚህ በሽታ መሞት የሌለበት ዘመን ጀምሯል። ፓስተር ያረፈበት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን ገደማ፣ በዓለም ዙሪያ ይህን በሽታ የመከላከያ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ እንደሚቋረጥ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሰው ከተነከሰ በኋላ ስለ ውሻው ክትባት መነጋገር ዋጋ የለውም።

አንድ ሰው በውሻ የተነከሰ እንደሆነ ማንኛውም ቤተሰብ ማድረግ ያለበትን በዚህ ላይ ልጥቀስ። ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ከዚያም ሰውየው ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሄዳል። ሥር ማሽና ቅጠል ፍለጋ ቀን የሚያሳልፍ ሰው ክትባቱ የሚሠራበትን ጊዜ ያባክናል። ጸሎቱና ጠበሉ ከሐኪሙ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ሐኪሙን መተካት ግን የለበትም።

ከዚህም ሌላ በውሻ በኩል ወደ ሰው የሚመጣ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል አለ። ይህ ትል በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ውሻው ትሉን የሚያገኘው በበዓል ቀን በግ ወይም በሬ ሲታረድ ከሚጣልለት ጥሬ ጉበትና ሳንባ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ጥሬውን አለመስጠት፣ ውሻውን ከዳሰሱ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ተገቢ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ከውሻው ጋር ቢሄድ የሚያስፈራው ነገር የለም።

እንግዲህ መቃወሚያዎቹን ካየን ዘንድ ወደ አፈጻጸሙ እንመለስ። ቤታቸው ሆነው ለሚሠሩና ለሚማሩ ወጣቶች የምሰጠው ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የጠፋውን የቢሮ መንገድ መመለስ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት 15 ደቂቃ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ 15 ደቂቃ ውሻን ይዞ በፍጥነት መራመድ ያስፈልጋል። በቀን 30፣ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም የታዘዘው ዝቅተኛው መጠን ነው። የጧቱ ጉዞ ሥራ መጀመሩን፣ የማታው ጉዞ ሥራ ማለቁን ለአእምሮ የሚያስታውቅ ስለሆነ፣ ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚያማርሩበት ሌሊትና ቀን የማይለይ ሥራም ወሰን ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን መምረጥ ነው። ጅብ ወደ ጎሬው ሳይመለስ በጨለማ መውጣት አይገባም። ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ማታም ፀሐይ ሳትጠልቅ 11 ሰዓት ላይ ቢሆን ለሰውም ለውሻም ይስማማል። መንገዱም ቢቻል ከመኪና የራቀ ይሁን። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሚያልፍ፣ ወደ ጨሞጋ ወንዝ አቅጣጫም የሚወርድ የእግር መንገድ አይታጣም። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ጉብታና ዝቅታ ያላት ስለሆነች፣ አንድ ዳገት ወጥቶ መውረድ በሜዳ ላይ ከሚደረግ ረጅም ጉዞ አይተናነስም።

ሦስተኛ፣ ውሻው ከአንገቱ ማሰሪያ ገመድ ሳይለይ ይሂድ። ተናካሽነቱ የሚታወቅ ከሆነ አፉ ይሸፈን። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንገድ ላይ ቢገጥሙ ከመሮጥ ይልቅ ቆም ብሎ ዱላን ወደ መሬት አድርጎ ቀስ እያሉ ማለፍ ይሻላል። የሕፃናት መጫወቻና ገበያ መካከል ውሻ ይዞ መግባት ሰውን ማስጨነቅ ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ የአገሩ ሥርዓት የሚከለክል መሆኑንም ሁሉ ያውቃልና፣ ሳሚ ሰው ከሩቁ ተሳልሞ መንገዱን ይቀጥላል።

አራተኛ፣ በጉዞው መካከል ያለውን ረጅም መቀመጥ መከፋፈል ነው። በየሰዓቱ ተነሥቶ ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር፣ ለውሻው ውኃ መቅዳት፣ ጓሮ ያለው ጎመኑን መኮትኮት፣ ማገዶ መፍለጥ፣ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ከእርምጃው በተጨማሪ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲደረግ ይመክራል። ማገዶ የፈለጠና ውኃ የተሸከመ ሰው ለዚህ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ብረት ማንሣት አይጠበቅበትም።

አምስተኛ፣ መውጣት ለማይቻልበት ቀን መዘጋጀት ነው። የጎጃም ክረምት ዝናቡ ብርቱ፣ ጭቃው ከባድ ነው። መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ወይም ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ቀንም ከቤት መውጣት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። በእንዲህ ያለው ቀን በግቢ ውስጥ ውሻውን ፈትቶ ኳስ ወይም ቁራጭ እንጨት እየወረወሩለት ማሯሯጥ፣ ራስም በገመድ መዝለል፣ ከወንበር ላይ ያለ እጅ እርዳታ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ይቻላል። በጨርቅ የተሠራች ኳስ ዋጋ የላትም፤ የምትሰጠው ጨዋታ ግን ለሰውም ለውሻም ይበቃል።

ስለ እኅቶቻችንም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ቤቷ ሆና የምትሠራ ሴት ሁለት ሥራ ደርቦባታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በአንድ በኩል፣ ምጣዱና ልጁ በሌላ በኩል ይጠሯታል። ቤት ነሽና ይህንንም ሥሪ ትባላለች። ይህች ሴት በድካም በኩል የጎደላት ነገር የለም፤ የጎደላት ከቤት ወጥታ ነፋስ የምትቀበልበት ጊዜ ነው። ባል ወይም ወንድም በዚያ 15 ደቂቃ ልጁን ቢይዝላት ትልቅ ነገር አደረገላት። ብቻዋን ስትሄድ ደግሞ ሥራ ፈት ጎረምሳ በነገር እንዳይነካት ውሻዋ መልካም ጓደኛ ይሆናታል፤ ውሻ ባለበት ብዙ ምላስ ይሰበሰባልና።

ውሻ የሌለው ሰው ለመራመድ ሲል የግድ ውሻ ይግዛ አልልም። ለመመገብና ለማስከተብ አቅም ሳይኖር ውሻ ማምጣት በመጨረሻ በመንገድ ላይ የሚጣል ውሻ ማብዛት ነው። የጎረቤቱን ውሻ በፈቃድ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ እርጅና ያደከማቸው ጎረቤት ቢኖሩ ለእርሳቸውም እርዳታ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ከግለሰቡ ሌላ ማዘጋጃ ቤቶችና የጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። የውሻ ክትባት በየቀበሌው ቀን ተቆርጦለት ቢሰጥ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾችም ቁጥራቸው በሥርዓት ቢወሰን፣ የእግረኛ መንገድ ከድንጋይና ከአሸዋ ክምር ቢጠራ፣ ውሻ ያለውም የሌለውም ይጠቀማል። እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም በሚገኝበት ከተማ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ለሕዝቡ ቢያስተምሩ ደግሞ ትምህርታቸው ከክፍል ወጥቶ ሰው አዳነ ይባላል።

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የባለጸጋና የሽማግሌ ብቻ መሆናቸው ቀርቷል። በ25 ዓመቱ ወንበር ላይ የተተከለ ወጣት 40 ሲሞላው የሚያገኘውን ሕመም ዛሬ እየዘራው ነው። አገሪቱ አስተምራ ለሥራ ያበቃችው ሰው ጉልበቱና ዕውቀቱ በሚስማማበት ዕድሜ የሐኪም ቤት ደጅ ጠኚ ቢሆን፣ ጉዳቱ ለራሱና ለቤተሰቡ ብቻ አይሆንም። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ አንድ ገመድና የተከተበ ውሻ ይበቃል። ስለዚህ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ሁሉ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ውሻውን ያስከትብ፤ ከዚያም ውሻውን ከሰንሰለቱ፣ ራሱንም ከወንበሩ ፈትቶ ወደ መንገድ ይውጣ እላለሁ።